ማሳሰቢያ፦ የሰው መዝገብ በእጃችን ላለ ሁሉ

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለንም። በባንክ መስኮት ይባላል፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ይባላል፣ በሆስፒታል ካርድ ክፍልም ይባላል። ይህን የሚሰማው ሰው ከሥራው አስፈቅዶ የወጣ ነው፤ ሌላው ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ በሁለት መኪና የመጣ ነው፤ ሌላዋ ሕፃን አዝላለች። መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ምክንያቱን አታውቅም፣ ቁጣውን ግን የምትቀበለው እሷ ናት። ምክንያቱን የምናውቀው ከኋላ ያለነው ነን፤ ዳታቤዝ የምናስተዳድር፣ ፕሮግራም የምንጽፍ፣ ሪፖርት የምናወጣ፣ መረጃ የምናስገባ።

ይህ ማሳሰቢያ ከበላይ የወረደ መመሪያ አይደለም። በአንድ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች እንደ ጎረቤት የምንመካከርበት ነው። በመዝገብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከችኮላና ከድካም ነው፣ ደግሞም ሥራውን ስንጀምር ቁጭ አድርጎ የነገረን ስለሌለ ነው። ለእኛ አንድ ረድፍ የሆነው ነገር ለባለቤቱ ደመወዙ፣ የመድኃኒት ታሪኩ፣ የልጁ የትምህርት ማስረጃ ነው። ይህን ካሰብን የቀረው ልማድ የማስተካከል ጉዳይ ነው።

ስለ ስም

ከስም እንጀምር፤ ብዙው ጣጣ የሚነሣው ከዚያ ነውና። ከውጭ ተገዝተው የሚመጡ ሥርዓቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። ሥርዓቱን እንዳለ ስንጭነው አንዱ ቅርንጫፍ በመጨረሻው ዓምድ አባትን ይጽፋል፣ ሌላው አያትን። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፤ ብድሩ በአንዱ፣ ቁጠባው በሌላው ይገኛል።

እነዚህን እናድርግ፦

— ስምን፣ የአባት ስምንና የአያት ስምን በሦስት ዓምድ ለየብቻ እናስቀምጥ፤ ተቀላቅሎ የገባን ስም በኋላ መለየት አድካሚ ነው፣ ስህተትም ያመጣል።

— ባለቤቱ ስሙን በሚጽፍበት ፊደል እንጻፍለት፤ ኃይሉን «ሀይሉ» የማድረግ ሥልጣን ማንም አልሰጠንም።

— ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ እንክፈት፤ በዚያ ውስጥ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ ይሰብሰቡ። አለበለዚያ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችው እናት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ ካርድሽ የለም ትባላለች።

— በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ከፓስፖርት ወይም ከመታወቂያ እንገልብጥ፤ በግምት የጻፍነው አንድ ፊደል ሰውየውን አየር ማረፊያ ላይ ያስቆመዋል።

እነዚህን እንራቅ፦

— ስም አናሳጥር፤ «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፣ ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል፣ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይታወቅም።

— «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ሐጂ»፣ «ቄስ» የሚሉትን በስም ዓምድ ውስጥ አንጻፍ፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሲወጣ ግማሹ ሰው በማዕረጉ ሥር ተከማችቶ ስሙ ይጠፋል።

— ስምን መለያ ቁልፍ አናድርግ፤ እስከ አያት ድረስ ሞክሼ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል።

— የስም ዓምድን አጭር አናድርግ፤ ምክንያቱን ከታች እንዘርዝረው።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዛሬ በስፋት በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ አንድ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። ኦራክል ላይ ካልቀየርነው በቀር የዓምድ ርዝመት የሚለካው በባይት ነው። እንግዲህ ዓምዱን 30 ብለን ብንሠራው ለላቲን 30 ፊደል፣ ለእኛ ግን 10 ብቻ ይይዛል ማለት ነው። ገብረ እግዚአብሔር የሚለው ስም 10 ፊደልና አንድ ክፍተት ስላለው 31 ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አይገባም። ሥርዓቱ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ዳታ ኢንኮደሯም ሥራዋን ለመጨረስ ስትል «ገ/እግዚአብሔር» ብላ ታሳጥረዋለች። ስም አታሳጥሩ ብለን እሷን ከመገሠጻችን በፊት የሠራነውን ዓምድ እንመልከት። ርዝመቱ በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲለካ ማዘዝ አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ የተለመደው ቫርቻር አማርኛን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ኤንቫርቻር እንጠቀም። በጥያቄ ምልክት የተተካ ስም ተመልሶ አይገኝም፤ ባለቤቱን ፈልጎ እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ያሉን መሥሪያ ቤቶችም ወደ ዩኒኮድ ስንቀይራቸው ዋናውን ቅጂ አንሰርዝ፤ የቀየርነው ፊደል ልክ መሆኑን የምናረጋግጠው ከእሱ ጋር አስተያይተን ነው።

ስለ ቀንና ሰዓት

ዘመናችን 13 ወር አለው፣ ሰዓታችንም የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም፤ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

በጣም የተለመደው ችግር በጭፍን 8 መደመር ነው። በጥቅምት 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1997 ልጅ ነው፤ በሚያዝያ 1990 የተወለደችው ደግሞ የ1998። በሁሉም ላይ 8 የሚደምር ፎርሙላ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የተወለደውን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። ውጤቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ አንደኛው አንደኛ ክፍል መግባት ሲገባው ዓመት ይጠብቃል፣ ሌላው በ60 ዓመቱ ጡረታ መውጣት ሲገባው ገና ነህ ይባላል።

እነዚህን እናድርግ፦

— ቀንን በዳታቤዝ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ብቻ እናስቀምጥ፣ ለተገልጋዩ ግን በሁለቱም እናሳየው፤ ስህተቱን ከእኛ ቀድሞ የሚያየው ባለቤቱ ነው።

— ከእያንዳንዱ ቀን ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» እንጻፍ፤ 05/06/2016 የሚለው ቁጥር ብቻውን የካቲት 5፣ ጁን 5 ወይም ሜይ 6 ሊሆን ይችላል።

— የቀን መቀየሪያ ኮዳችንን በጳጉሜን 6 እንፈትነው፤ በ2015 መጥታ ነበር፣ በ2019 ትመለሳለች፣ የዚያን ቀን የወለደች እናት የልደት ማስረጃ መቀበል አለባት።

— የቀጠሮ መልእክት ስንልክ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብለን እንጻፍ፤ «9 ሰዓት» የሚል መልእክት የደረሳቸው አዛውንት ከሰዓት በኋላ መጥተው ሐኪሙ ሄዷል ይባላሉ።

እነዚህን እንራቅ፦

— 12 ወር ብቻ ያለው የምርጫ ዝርዝር አናቅርብ፤ በጳጉሜን የተወለደው ሰው መስከረም 1 ብሎ ሲመርጥ ዓመቱም አብሮ ይለወጣል።

— የካቲት 30ን «የሌለ ቀን» ብሎ የሚመልስ ፍተሻ አናስገባ፤ በእኛ አቆጣጠር አለ።

— የልደት ቀኑን የማያውቀውን ሰው ጃንዋሪ 1 ብለን አንሙላለት፤ የማይታወቀው እንደታወቀ ሆኖ ከተጻፈ በኋላ እውነቱን የሚለይ አይኖርም። ዓመቱን ብቻ መዝግበን ቀኑ እንደማይታወቅ የሚያመለክት ዓምድ እንጨምር።

ስለ ኤክሴል

ኤክሴል ለሒሳብ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ መዝገብ ለመጠበቅ ግን አልተሠራም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት 15,841 የኮቪድ ሕመምተኞች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተዋል። ምክንያቱ የላብራቶሪ ውጤቶች የሚሰበሰቡበት የቆየ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አለመያዙ ነበር። ቀሪው ሲቆረጥ ያስተዋለ አልነበረም። ሕመምተኞቹ ውጤታቸው ደርሷቸዋል፤ ከእነሱ ጋር የነበሩ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ የሚላቸው ሳይኖር ቀናት አለፉ።

እኛም ጋ ተመሳሳይ አደጋ አለ። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ያለውን ቁጥር በትክክል አይዝም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በ0 ይተካዋል። በፋይዳ መታወቂያ ካርድ ላይ የሚታየው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ወደ 0 ይለወጣል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም አይመለስም። የስልክ ቁጥርም በ09 ይጀምር በ07 ፊተኛው 0 ይወድቃል።

— መታወቂያ፣ ሂሳብና ስልክ ቁጥር ያለበትን ዓምድ መጀመሪያ «ጽሑፍ» ብለን እንወስን፤ እነዚህ ስሞች እንጂ የሚደመሩ ቁጥሮች አይደሉም።

— ፋይል ወደ ዳታቤዝ ስንጭን የተላከውን ረድፍና የገባውን ረድፍ እንቁጠር፤ የእንግሊዙን ችግር ይህ አንድ ቆጠራ ይገልጠው ነበር።

— አንድን የደመወዝ ዝርዝር «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» እያልን አናባዛ፤ ከሁለት ሰው አንዱ በአሮጌው ይከፍላል።

ስለ ባክአፕ

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ሁላችንም አለን የምንለው፣ ሲፈለግ ግን የሚጠፋው ይህ ነውና።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ አንድ ባለሙያ በምሽት ሰርቨር ሲያስተካክል ነበር። ሁለት ሰርቨሮች ነበሩ፤ ዋናውና ተከታዩ። የተከታዩን ፋይሎች የሚሰርዝ መስሎት ትእዛዙን የሰጠው በዋናው ላይ ነበር። ሰከንዶች ሳይቆዩ ነቅቶ አቆመው፤ ግን 300 ጊጋባይት ከሚያህለው መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ወደ ባክአፕ ሲዞሩ ነው ትልቁ ችግር የታየው። ኩባንያው በአምስት መንገድ መረጃውን እንደሚጠብቅ ያስብ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የዕለቱ ባክአፕ በስሪት አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል፤ ማስጠንቀቂያ ይላክ የነበረበት ኢሜይልም አልደረሰም። ያዳናቸው ያው ባለሙያ ለሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ያነሣው ቅጂ ነበር። በመካከል ያለው የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ።

ኩባንያው ነገሩን አልደበቀም። የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ለሕዝብ ጻፈ፣ ባለሙያውንም አላሳጣም፤ የሥርዓቱ ጉድለት መሆኑን ተቀበለ። ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ አካሄዳቸው ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

እነዚህን እናድርግ፦

— ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይኑረን፤ እሳትና ሌባ የሚመጡት በአንድ ሕንፃ ላይ ነው።

— በወር አንድ ጊዜ ባክአፑን ወደ ሌላ ማሽን መልሰን እንሞክር፤ ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

— መመለሱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለክተን እንጻፍ፤ ኃላፊው «መቼ ይነሣል?» ሲል ለሕዝቡ እውነቱን መናገር የሚቻለው ያኔ ነው።

— ባክአፑ ሲሳካም መልእክት ይላክልን፤ ሲከሽፍ ብቻ እንዲላክ ካደረግን ዝምታው ደህንነት ይመስለናል።

— መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሰርቨሩ ዩፒኤስ እንጠይቅ፣ ባትሪውንም በየጊዜው እንፈትሽ፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ ያለችው ደቂቃ መዝገብ ታበላሻለች።

እነዚህን እንራቅ፦

— ባክአፕን በዚያው ሰርቨር፣ በዚያው ዲስክ ላይ አናስቀምጥ፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሞታሉ።

— ብቸኛውን ቅጂ በአንድ ሰው ፍላሽ ላይ አንተው፤ ሰውየው ይታመማል፣ ሥራ ይለቃል፣ ፍላሹም ይጠፋል።

— ኮፒ ወደ ተከታይ ሰርቨር መሄዱን እንደ ባክአፕ አንቁጠር፤ በዋናው ላይ የተሰረዘ ነገር በሴኮንድ ውስጥ በተከታዩም ላይ ይሰረዛል።

ለውጥ ስናደርግ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ፤ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ፤ በኋላም ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ። በእነዚያ ሰዓታት ለሕመምተኛ፣ ለመንገድ፣ ለቤት ኪራይ ገንዘብ ፈልጎ ያላገኘውን ሰውም እናስብ። ሥርዓት ውስጥ የሚፈጠር ክፍተት ከማሽን ክፍሉ አያልፍም ማለት አንችልም፤ ወጣቱን ወደ ዕዳና ወደ ኀፍረት፣ ጎረቤቱን ወደ ችግር ያስገባል። ለውጥ ስናደርግ መጠንቀቅ ያለብንም ለዚህ ነው።

እነዚህን እናድርግ፦

— አፕዴት ወይም ዲሊት ከማዘዛችን በፊት በዚያው የዌር መስመር ሴሌክት አድርገን እንቁጠር፤ ሦስት ረድፍ ጠብቀን ሦስት መቶ ሺህ ካየን ገና ምንም አልተነካም።

— ትራንዛክሽን ከፍተን እንሥራ፤ የተነካው ቁጥር ከጠበቅነው ጋር ከተስማማ ኮሚት፣ ካልተስማማ ሮልባክ ማለት እንችላለን። ድሮፕና ትራንኬት ግን በኦራክልና በማይኤስኪውኤል ሮልባክ የላቸውም፤ ከእነሱ በፊት ቅጂ እንያዝ።

— የፕሮዳክሽኑን መስኮት ቀይ ቀለም እንቀባው፤ ሙከራውና እውነተኛው ሲመሳሰሉ የደከመ ዓይን ይሳሳታል።

— መመለሻውን ስክሪፕት ከለውጡ በፊት እንጻፍ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በጭንቀት የሚጻፍ መመለሻ ሁለተኛ ችግር ይወልዳል።

— ባልደረባችንን «አንዴ እየው» እንበል፤ ሌላ ዓይን በአንድ ደቂቃ የሚያየውን እኛ በአንድ ሰዓት አናየውም።

እነዚህን እንራቅ፦

— ዓርብ ማታ፣ በፋሲካና በዒድ ዋዜማ፣ በሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ለውጥ አንልቀቅ፤ ሕዝቡ አገልግሎቱን አጥብቆ የሚፈልገው ያኔ ነው፣ የሚረዳን ባልደረባም ያኔ አይገኝም።

— ትራንዛክሽን ከፍተን ለቡና አንውጣ፤ የነካነው ረድፍ ተቆልፎ ስለሚቆይ በሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ሰልፍ ይቆማል።

— ከባድ ሪፖርት በጠዋት የሥራ ሰዓት አናሂድ፤ ለአንድ ስብሰባ የምናወጣው ቁጥር መቶ ሰው መስኮት ላይ ያስጠብቃል።

— ከሌላ ቦታ የቀዳነውን፣ ያልገባንን ትእዛዝ በሕዝብ መዝገብ ላይ አንሞክር፤ ፖስትግሬስ በነፃ ይገኛል፣ በራሳችን ላፕቶፕ ላይ እንማርበት።

ስለ ሰው ምስጢር

ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው በከተማው ውስጥ ብዙ ሰው የማያየውን ያያል። ጎረቤቱ ስንት እንዳለው፣ የአጎቱ ልጅ ምን እንደታመመ፣ ከባሏ ሸሽታ የሄደች ሴት አዲሱ አድራሻዋ የት እንደሆነ። ዘመድ «የእገሌን አንዴ እይልኝ» ሲለን ከይሉኝታ የተነሣ እንቢ ማለት ይከብደናል። ግን አንዳንዱ መልስ የሰው ሕይወት ያስከፍላል፤ ያቺ ሴት የሸሸችው በምክንያት ነው።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ባይኖርም ግን አደራ አደራ ነው።

— ዘመድም ሆነ አለቃ በቃል ሲጠይቀን በጽሑፍ ይምጣልኝ እንበል፤ እኛንም ጠያቂውንም የሚጠብቅ ትሕትና ያለው መልስ ነው።

— እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ አምስት ሰው በሚጋራው የይለፍ ቃል ጥፋት ሲደርስ ንጹሑም አብሮ ይጠረጠራል።

— ሥራ የለቀቀን ሰው መግቢያ የዚያኑ ዕለት እንዝጋ፤ እሱን ስለምንጠረጥር አይደለም፣ በስሙ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው።

— የሕዝብ መዝገብ በቴሌግራም አንላክ፤ የተላከ ፋይል ስንት ስልክ ላይ እንደቀረ ማንም አያውቅም።

— ለሙከራ እውነተኛ ስምና ስልክ አንጠቀም፤ ከሙከራ ማሽን ወደ እውነተኛ ሰው መልእክት ሄዶ ያላደረገውን ግብይት አድርገሃል ይለዋል።

የሥራ ሕይወታችን

ሌሊት ስልክ የሚደወልለት ሰው በማግስቱ ጠዋት ትልቅ ለውጥ እንዲያደርግ አንጠብቅበት። ድካምም እንደ ኮድ ስህተት ሁሉ መዝገብ ያጠፋል። ተራ እንግባ፤ ሁለት ብቻ ብንሆን እንኳ ሳምንት እንከፋፈል፣ ዘመን መለወጫን አንዱ ከሠራ ገናን ሌላው ይሥራ።

ብዙ መሥሪያ ቤት ሁሉንም የሚያውቅ አንድ ሰው አለው። ሰውየው ይከበራል፣ ግን ዕረፍት የለውም፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስልክ ያነሣል። እንዲህ ያለ ባልደረባ ካለን እንርዳው። የሚያውቀውን አብረነው ቁጭ ብለን እንጻፍ፦ የትኛው ሰርቨር ምን ይሠራል፣ የትኛው ሥራ በስንት ሰዓት ይነሣል፣ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚነካው ምንድን ነው። እኛው ራሳችን ያ ሰው ከሆንን ደግሞ እውቀቱን ለራሳችን አንያዘው፤ የሚተካን ሰው ማዘጋጀት ቦታችንን አያሳጣንም፣ የዕረፍት ፈቃዳችንን ግን ይመልስልናል።

ባልደረባችን ሲሳሳት መጀመሪያ መዝገቡን እናድን፣ ከዚያ ምን እንደሆነ እንጻፍ፤ ማን የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ይምጣ። የሚፈራ ሰው ይደብቃል፣ የተደበቀ ስህተት ደግሞ በየቀኑ ይሰፋል። በአምስተኛው ደቂቃ «ተሳስቻለሁ» ያለ ወጣት ባለሙያ መዝገባችንን አትርፎልናል፤ እናመስግነው።

ለኃላፊዎቻችን፦ «አሁኑኑ ይሠራ» ከማለታችሁ በፊት «ቢበላሽ እንዴት እንመልሰዋለን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ አንድ ጥያቄ ባለሙያው እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። ለባክአፕ ማስቀመጫ የሚጠየቀውን በጀት የቅንጦት አድርጋችሁ አትዩት፤ የጠፋ መዝገብ በገንዘብ አይገዛም።

መስኮት ላይ ለምንቆም ለሁላችንም፦ ስማችን፣ የልደት ቀናችንና ስልካችን እንዴት እንደተጻፈ ሳናይ አንሂድ፤ ዛሬ በአንድ ደቂቃ የሚታረመው ነገ የፍርድ ቤት ወረቀት ይጠይቃል። «ሲስተም የለም» የምትለንን ሠራተኛም አንቆጣት፤ ችግሩ ያለው ከእሷ ኋላ ነው።

ይህን ያነበባችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በዚህ ሳምንት የመሥሪያ ቤታችሁን የመጨረሻ ባክአፕ ወደ ባዶ ማሽን መልሱት፤ ከዚያም የአሥር ሰዎችን መዝገብ ከፍታችሁ ስማቸው፣ ቀናቸውና ቁጥራቸው በትክክል መመለሱን ተመልከቱ። ካልተመለሰ ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።